በሃኑስ ንፋስ ቤት ዝንብ የገባ ጊዜ

ሃኑስ «በእኔ ንፋስ ቤት ዝንብ ገብታ አታውቅም» እያለ ሲምል ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይምላል፣ ጀልባ ስንጎትት ይምላል፣ ሰው ሊቀብር ሄዶ እንኳ ይምላል። ሌላው ስለ ልጁ ትምህርት ወይም ስለ አዲሱ መረቡ ሲያወራ እሱ ወሬውን አዙሮ አዙሮ እዚያችው ሣር ክዳን ጎጆው ላይ ያሳርፈዋል። ጎረቤቱ ነኝና ከማንም በላይ የምሰማው እኔ ነበርኩ። ልቤን ያወልቀው ነበር።

ንፋስ ቤት በደሴታችን የሌለው ሰው የለም። የግድግዳው ጣውላ በመካከሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እየተተወለት ይመታል፤ የባሕሩ ንፋስ በዚያ ሲገባና ሲወጣ በጥቅምት ያረድነውን በግ ጨው ሳይነካው፣ ጭስ ሳያየው ያደርቀዋል። መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ቀጥሎ ይሻግታል፣ የገና በዓል ሲደርስ በስሱ እየተቆረጠ ይበላል። እንግዳ ሰው ሽታው ሲደርሰው ይሸሻል። ይሽሽ፤ ለእኛ ይተርፈናል።

የንፋስ ቤት ጠላት አንዲት ናት፤ ትልቋ ሰማያዊ ዝንብ። እሷም ሞኝ አይደለችም። ንፋስ በሚያደርቀው ገላጣ ሥጋ ላይ እንቁላሏን አትጥልም፤ ብብቱን፣ እጥፋቱን፣ ቢላ የገባበትን የአንገት ስንጥቅ ፈልጋ እዚያ ታጭቀዋለች። ቀኑ ሞቅ ካለ በማግስቱ ይፈለፈላል። ትሉ እንደወጣ ወደ ውስጥ ነው የሚያመራው፣ ወደ አጥንቱ። በልቶ ሲወፍር ሥጋውን ጥሎ አፈር ይገባል፤ እዚያ ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ይተኛና ክንፍ አብቅሎ ይነሣል። ለዚህ ነው ብርድ ገብቶ ዝንብ ሳይጠፋ ከእኛ መንደር ማንም ቢላውን የማይስለው።

የምናርድበትን ቀን የምትቆርጠው የሃኑስ ሚስት ኤልስፓ ነበረች። የዓሣ ጭንቅላት ድንጋይ አጥሯ ላይ ታስቀምጥና እስከ ቀትር ትጠብቃለች። ዝንብ ካረፈበት «ገና ነው» ትላለች፤ ካላረፈበት «ቢላ ሳሉ» ትላለች። መንደሩ በሙሉ የኤልስፓን አጥር እያየ ነበር የሚያርደው። ደቃቃ፣ ዝምተኛ፣ ከወፍ ቀድማ የምትነቃ ሴት ነበረች። ባሏ ሲፎክር ሹራቧን እየሠራች ትሰማለች፤ አንድም ቀን «ተው እንጂ» ስትለው አልሰማሁም።

እሷ አንድ ፀደይ ድንች ልትተክል እንደወጣች እርሻው ላይ ወድቃ ቀረች። ከቀብሩ በኋላ ዋና ከተማችን ቶርስሃቭን የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ማሪዩን አባቷን ይዛ ልትሄድ ፈለገች። እዚያ የሽማግሌዎች መኖሪያ አለ፤ ሙቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ባሕሩ በመስኮት ይታያል። ነገሩን ስታነሣበት እኔም ወጥ ቤታቸው ተቀምጬ ነበር።

«አባባ፣ ብቻህን አትችልም» አለችው።

«ምኑን ነው የማልችለው?»

«ትናንት ምን በላህ?»

«ዓሣ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«የዚያኑ ዓሣ ሌላኛውን ጎን።»

ሳቄ አመለጠኝ። ማሪዩን ግን አልሳቀችም።

«እኔ እኮ ግሪንላንድ ባሕር ላይ ስንት ክረምት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ» አለ ሃኑስ።

«እዚያማ ወጥ ሠሪ ነበራችሁ።»

ሃኑስ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «እንግዲያው ስሚኝ። በጥቅምት ብቻዬን አርዳለሁ፣ ብቻዬን እሰቅላለሁ። አንቺ መጥተሽ ታያለሽ። ዝንብ ከነካው ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ መርከቧ ላይ እወጣለሁ። ካልነካው ግን የሽማግሌ ቤት የሚባል ነገር እዚህ ቤት ውስጥ አይነሣም። ያልማር ምስክሬ ነው።»

ያልማር እኔ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ ምስክር ሆንኩ። ማሪዩን አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «እሺ» አለች በመጨረሻ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ነገሩ በዚያው ጸና።

በዚያ ቤት ሊትላ የምትባል በግ ነበረች። እናቷ የሞተችባት ግልገል ሆና ኤልስፓ በጡጦ ያሳደገቻት ናት። ከበጎች ጋር ተራራ መውጣትን ንቃ፣ ኤልስፓ የሸመነችላትን ሰማያዊ ማንገቻ ከነቃጭሉ አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ትውላለች። ኤልስፓ ከሞተች በኋላም በሩ ላይ መቆሟን አልተወችም። ነሐሴ ሲያልቅ አንድ ጠዋት እዚያው ሞታ ተገኘች።

«ምን አደረግካት?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ገደል ወረወርኳት። ባሕሩ ይብላት» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

የሞተ በግ ከንፋስ ቤት አርቆ ባሕር መጣል ደንባችን ነው። በዚያች በግ ላይ እንዲህ መጨከኑ ግን ገርሞኝ ከረመ።

ጥቅምት ሲመጣ ሃኑስ የዓሣ ጭንቅላት አወጣና ኤልስፓ ታስቀምጥበት የነበረው ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። አጠገቡ ቆሞ እስከ ቀትር ጠበቀ፤ ቀትር ካለፈም በኋላ ጠበቀ። አንዲት ዝንብ አልመጣችም። «ቢላ ሳሉ» አለ። መንደሩ አረደ። እሱም አረደ፣ ገፈፈ፣ እያንዳንዱን በግ በየመስቀያው አንጠለጠለ። ሊያሳየኝ ሲጠራኝ ሥጋው በረድፍ ተሰቅሎ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ የሚያስቀና ነበር።

«አየህ?» አለኝ። «ዝንብ ቀርታ ጥላዋ የለም። የአንተ ንፋስ ቤት እንዴት ነው? ደግሞ እንደ አምናው ካልሲ ካልሲ ይሸታል?»

«ገና ሲመጣ እንተያያለን» አልኩት።

ከዚያ ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞረ። ሰማዩ ዝቅ አለ፣ አየሩ እንደ ሰኔ ሞቀ። መቼም እንዲህ ሲሆን ሁላችንም እንሰጋለንና እኔ ንፋስ ቤቴ ጠዋት ማታ እየገባሁ እጥፋቱን ሁሉ ዳበስኩ። ምንም የለም። በባሕሩ ዳርቻ የሚኖረው ጎረቤታችን ሲመንም ምንም አላገኘ። ዓመቱን በደህና ዘለልነው ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሃኑስ ነው፤ ቆብ አላደረገም። ሃኑስን ያለ ቆብ ያየሁት የኤልስፓ ቀብር ዕለት ብቻ ነው።

«ና» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ንፋስ ቤቱ በር ላይ ሳንደርስ ነው ድምፁን የሰማሁት። ወፍራም፣ የማያቋርጥ ጥዝዝታ። ሲከፍተው ሰማያዊዎቹ ዝንቦች ፊቴ ላይ ፈነዱ። ክው አልኩ። በመንደሩ ሁሉ አንዲት ዝንብ በሌለችበት ሰሞን፣ እዚያች ጎጆ ውስጥ ጣሪያው ጠቁሯል። እጄን ሰድጄ የአንዱን በግ ብብት ገለጥ አደረግኩ፤ ነጭ፣ ቀጫጭን፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ የሩዝ ስባሪ የመሰለ ክምር። እንቁላል ነው። ቀጥሎ ያለውን ስነካ ደግሞ አንገቱ ተንቀሳቀሰ። ታርዶ፣ ተገፍፎ፣ ተሰቅሎ የከረመ በግ አንገቱ ሲተነፍስ አየሁ። እጄን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰብኩ። ትሉ ነው እንጂ በጉ አይደለም ብዬ ራሴን ለማረጋጋት ጊዜ ወሰደብኝ።

«ከየት ነው የመጡት?» አለ ሃኑስ።

«ከደቡቡ ንፋስ ጋር ይሆናል።»

«ያንተ ላይ አሉ?»

«የሉም።»

«የሲመን ላይስ?»

«የሉም።»

ሁለታችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ዝንብ ከየትም ብድግ ብላ አትመጣም። ይህን ያህል ዝንብ በአንድ ጊዜ የሚነሣው አንድ ቦታ የበሰበሰ ሥጋ ጠግቦ ያደገ ትል ሲኖር ነው። እዚሁ ቅርብ ነው የተወለዱት። የሆድ ዕቃ የቀበረበትን ጉድጓድ አየሁ፤ ጥልቅ ነው፣ ደህና ተደፍኗል። የፍግ ክምሩን በመንሽ ገለበጥኩ። የዓሣ ጉበት በርሜሉን ከፈትኩ። ሃኑስ ከኋላዬ ይከተለኛል፤ እየቆየ እርምጃው እየዘገየ ሄደ። ወደ ጎጆዋ ጀርባ ልዞር ስል «እዚያ ምንም የለም» አለ።

ዞርኩ። ከግድግዳው ሥር ሣሩ ተቆርጦ የተነሣና ተመልሶ የተነጠፈ ቦታ አለ። መሬቱ ሰርጎድ ብሏል። ጎንበስ ብዬ ሳይ የማየውን ማመን አቃተኝ። አፈሩ ይነሣል። ትንሽ ጓል ትገፋና አንዲት ዝንብ ራሷን እየጎተተች ከምድር ውስጥ ትወጣለች፤ ግራጫ ናት፣ ክንፏ ገና እንደ እርጥብ ወረቀት ተጨማድዷል፣ መብረር አትችልም። የሣር ዘለላ ላይ ወጥታ ክንፏ እስኪዘረጋ ትጠብቃለች። አጠገቧ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሣሩ ሁሉ በእነሱ ተሞልቷል። ከጎጆዋ ግድግዳ ያላቸው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

«ሃኑስ፣ እዚህ ምንድን ነው የቀበርከው?»

አካፋ አምጥቼ ቆፈርኩ። የእኛ አገር አፈር ስስ ነው፤ ትንሽ ወረድ ሲሉ ዐለት ነው። መጀመሪያ የወጣው የገብስ ፍሬ የመሰለ ቡናማ ቅርፊት ነው፤ ግማሹ ተከፍቶ ባዶ ሆኗል፣ ግማሹ ገና ሙሉ ነው። ከዚያ ጸጉር ወጣ። ከጸጉሩ ጋር ሰማያዊ ማንገቻ ወጣ፤ ቃጭሉ አፈር ጎርሶ አንዴ ቅጭል አለ።

ሃኑስ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለ።

«ገደሉ ጫፍ ድረስ ወስጃት ነበር» አለ። «ልወረውራት አነሣኋት። ቃጭሉ ጮኸ። ኤልስፓ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ። አልቻልኩም፤ ተሸክሜያት ተመለስኩ።»

«እሺ፣ ወዲያው ቀበርካት?»

«ዝናብ ነበር። በማግስቱ እስክቆፍር ንፋስ ቤት ውስጥ አሳደርኳት።»

ራሴን ያዝኩ። በጓ ገና ሳትቀበር የነሐሴ ዝንብ ዓይኗና አፏ ላይ እንቁላሏን ጥላ ኖሯል። እሱ በጓን ከነእንቁላሉ ነው የቀበረው። የሚበሰብስ ሥጋ ራሱ ይሞቃል፤ ትሉ ከምድር በታች ያንን ሙቀት ለብሶ፣ በልቶ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ተኝቶ ከረመና የደቡቡ ንፋስ አፈሩን ሲያሞቀው ተነሣ። ዓሣው አጥሩ ላይ ሲቀመጥ ዝንቦቹ ገና አልተወለዱም ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ ንዴቱና ሐዘኑ ተደባልቆብኝ። «ዕድሜህን ሙሉ ዝንብ ዝንብ ስትለን ኖረህ፣ በገዛ እጅህ ጓሮህ ዘራሃት?»

«ዘራኋት» አለ።

ማሪዩን ቅዳሜ ትመጣለች። እኔ መላ አልጠፋኝም። «የእኔን ሥጋ አምጥተን እዚህ እንስቀለው» አልኩት። «በግ በግ ነው። ማን ያውቃል?»

«እኔ» አለ። ያን ዕለት የሊትላን ቅሪት በጆንያ አድርጎ ገደሉ ጫፍ ሄደና ራሱ ወረወረው። ማንገቻዋን ብቻ አስቀረ።

ቅዳሜ ማሪዩን ከመርከቧ ወርዳ ስትገባ የአባቷ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። ሃኑስ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ነካው» አላት። «ምስክሩም ያውና።»

ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ ንፋስ ቤቱ ወጣች። ተከተልናት። ልጅቷ የከተማ ሰው ሆናለች፣ አሁን ያጥወለውላታል ብዬ እጠብቃለሁ። እሷ እቴ። በሩ ላይ ቆማ እጇን ወደ ላይ ሰደደችና ከአግዳሚው ግንድና ከጣሪያው መካከል ዳብሳ አንዲት ትንሽ ቢላ አወጣች። ስለቷ ከብዙ መሳል የተነሣ ቀጥናለች።

«የገመድ መቁረጫዋ ናት» አለ ሃኑስ። «ዘላለም እዚያ ነው ያለችው።»

«አይደለችም፣ አባባ።»

የመጀመሪያውን በግ ብብት ገለጠች። የቢላዋን ጫፍ ከሥሩ አስገብታ የእንቁላሉን ክምር ሳይፈርስ አንሥታ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ጣለችው። ወደ አንገቱ ዞረች፤ ስንጥቁን እስከ አጥንቱ ከፈተች፣ ትሉን ከነካው ሥጋ ጋር ቆርጣ አወጣች፣ ንፋስ እንዲገባበት ከግድግዳው ጣውላ በፈለጠችው ስንጥር ወጥራ ተወችው። እጇ አላመነታም። ወደ ሁለተኛው አለፈች። እኔና ሃኑስ ደርቀን ቆመናል።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለ።

«እማዬ።»

«መቼ?»

«በየጥቅምቱ። አንተ ሳትነቃ።»

«ዝንብ እኮ የገባችው ዘንድሮ ነው።»

ማሪዩን እጇን አሳርፋ ወደ እሱ ዞረች። «አባባ፣ ዝንብ ያልገባችበት ዓመት የለም። ሲሞቅ ትበዛለች፣ ሲበርድ ታንሳለች እንጂ። እማዬ በየጠዋቱ እየገባች እጥፋቱን ሁሉ ትከፍት ነበር። አውጥታ ጨርሳ፣ እጇን ታጥባ፣ ቁርስህን ታቀርብልሃለች። እኔን መብራት ታስይዘኝ ነበር።»

እኔ ዕድሜ ልኬን ስመኝ የኖርኩት ይህችን ቀን ነበር። የሃኑስ ጉራ ተንዶ ፊቱ ላይ ሲወድቅ ማየት። አሁን ደርሳ ሳያት አንጀቴን በላኝ። ሰውዬው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ፣ ሥጋውን አንድ በአንድ ያያል፤ አርባ ዓመት የበላውን ሁሉ የሚያስብ ይመስለኛል።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ንገሪው ብዬያት ነበር። ‹ፉከራውን ተዪለት፤ እኔን ትንሽ እንቅልፍ ነው የሚያስከፍለኝ› አለችኝ።»

ሃኑስ ቢላዋን ከእጇ ተቀበላት። አገላብጦ አያት። የእንጨቱ እጀታ ላይ የሌላ ሰው ጣት ያረፈበት ጎድጓዳ አለ፤ የእሱ ጣት አልገባበትም።

«ብቻዬን ሰቅዬ አላውቅማ» አለ። «አንድም ዓመት።»

«አንድም ዓመት» አለች።

«ቃሌ ቃል ነው። እሄዳለሁ። እስከ ገና ግን ተዪኝ። ይህን ሥጋ እንደ እሷ አድርጌ ልጨርሰው።»

እስከ ሰኞ ቆይታ አሳየችው። ሥጋውን አበላሽቶባት ተቆጣች፣ ጣቱን ቆርጦ አሰረችለት፣ ተመልሳ ሄደች። ሻንጣው በሩ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጎሕ ሳይቀድ የንፋስ ቤቱ በር ሲጢጥ ሲል እሰማ ነበር። መስኮቴ ላይ ቆሜ ባትሪ ይዞ ከአንዱ በግ ወደ ሌላው ሲሄድ በጣውላው ክፍተት አየዋለሁ። አንዳንዴ ይናገራል። ከማን ጋር እንደሚናገር አልጠየቅኩም።

ለገና ጠራን። እኔ፣ ሲመን፣ ማሪዩን፣ ሌሎችም ጎረቤቶች ነበርን። ሳህኑ ላይ የመጣው የበግ እግር እዚህም እዚያም ተቦርቡሮ አይጥ የበላው መስሏል። ጣዕሙ ግን ደህና ነበር፤ ለነገሩ ከእኔ ይሻል ነበር። ምንም የማያውቀው ሲመን አፉን ሞልቶ፣ «እህ፣ ሃኑስ፣ እንደ ልማዱ ዝንብ ያልነካው ነው አይደል?» አለው፣ ሊያሾፍበት።

ሃኑስ ሹካውን አስቀመጠ። «ነክቶታል» አለ። «ሁልጊዜም ይነካው ነበር። ኤልስፓ ነበረች የምታወጣው። እኔ ተኝቼ።»

ማኘካችንን አቆምን። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ሰው አፍ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ማሪዩን ከገበታው ተነሣች፤ ልታለቅስ ነው ብዬ ስጠብቅ በሩ አጠገብ የቆመውን ሻንጣ አንሥታ ወደ መኝታ ቤት ወሰደችው። ልብሱን መልሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ስትሰቅል ሰማን። ስትመለስ ድንች ጨመረችልን። የሽማግሌ ቤት ነገር በዚያ ቤት ዳግመኛ አልተነሣም።

ሃኑስ ከዚያ በኋላ ብዙ ጥቅምት ኖረ፤ አንዱንም ጠዋት አልተኛም። ባለፈው ሳምንት በገዛ አልጋው ላይ ሞተ። መሞቻው ሲቃረብ አስጠርቶኝ ነበር። በእኛ መንደር መቃብር የምንቆፍረው እኛው ጎረቤቶች ነን።

«ያልማር፣ ጠለቅ አድርገህ ቆፍርልኝ» አለኝ።

«ዝም በል፣ ገና ነህ።»

«ጠለቅ አድርግ ነው የምልህ። ኤልስፓ አጠገቤ ናት። ዝንብ እንዳልጠራባት።»

እኔና ሲመን ዐለቱ እስኪያግደን ድረስ ቆፈርን።